በአካለ ወልድ ኪስ የነበረው ፒን

የደብረ ማርቆስ መካኒኮች አካለ ወልድን የሚያስታውሱት በኮቱ ቀኝ ኪስ ነው። ኪሱ ከግራው ይልቅ ግማሽ ስንዝር ያህል ወደ ታች ተጎትቶ የወረደ፣ ሁለት ጊዜ የተጣፈ፣ ጠርዙ በቅባት የጠቆረ ነበረ። በውስጡ ይኖር የነበረው የትራክተር መጎተቻ ፒን ነው፤ ይኸውም ማረሻ ወይም ተጎታች ከትራክተሩ ኋላ ሲያያዝ በቀዳዳው ውስጥ የሚሰካው፣ ሁለት ጣት የሚወፍር ብረት።

አካለ ወልድ አንድን ሞተር ፈትቶ፣ አድሶና ገጥሞ ካስነሣ በኋላ የዚያን ትራክተር ፒን ነቅሎ በኪሱ ይከታል፤ እስከ አሥር ቀንም አይመልሰውም። አዲስ የገቡት ፒስቶኖችና ቀለበቶቻቸው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እስኪላመዱ ድረስ ሞተሩ ያለ ጭነት መሥራት ይገባዋል። በሦስተኛውና በአሥረኛው ቀን ደግሞ ቴስታታ የሚባለውን የሞተር ክዳን የያዙት ብሎኖች እንደገና መጥበቅ አለባቸው። ይህን ሕግ የማያውቅ መካኒክ የለም፤ የሚጠብቀው ግን ጥቂት ነው። ሹፌር ይቸኩላል፤ ኃላፊ ይቆጣል፤ ዝናብ ይመጣል። ፒን የሌለው ትራክተር ግን ማንም ቢቸኩል ምንም ሊጎትት አይችልም።

በቆላው በነበረው የመንግሥት እርሻ ጋራዥ በሠራባቸው ዓመታት ይህ ልማዱ የሁሉ መቀለጃ ነበረ። ሚስት ያላገባው በኪሱ ቦታ ስላጣላት ነው ይሉት ነበር። በአንድ የዘር ወቅት የእርሻው ኃላፊ ፒኑን በአስቸኳይ እንዲያስረክብ በደብዳቤ አዘዘው። አካለ ወልድ ደብዳቤውን አነበበ፤ መቀበሉን በፊርማው አረጋገጠ፤ ፒኑን በአሥረኛው ቀን አስረከበ።

ይህን ሰው እንዲህ ጥንቁቅ ያደረገው ምን እንደሆነ የሚያውቁ ጥቂቶች ነበሩ። የተወለደው በዲማ አካባቢ ነው። አባቱ መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ልጃቸውም ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ዜማውን ሲያጠና አንድ ምልክት ቢሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምሩት ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ የጫነ መኪና ከመንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። አካለ ወልድ ሁለት ቀን ከመካኒኩ አጠገብ ሳይንቀሳቀስ ተመለከተ፤ በሦስተኛው ቀን መኪናው ተነሣ፤ እሱም አብሮ ሄደ። መሪጌታ አልረገሙትም፤ አልመከሩትም፤ አላስመለሱትም። በየፋሲካው እየመጣ ሲጠይቃቸው ምግብ ያቀርቡለታል፤ ስለ ዝናቡና ስለ ዘመዶቹ ያወሩታል፤ ምን ሠርቶ እንደሚኖር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድም ቀን አልጠየቁትም። ከዚያ ወዲህ አካለ ወልድ ጾሙን የሚጾም፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው ቢሆንም፣ ሁልጊዜ የሚቆመው ከቅጽሩ በር አጠገብ ነበረ። ወደ ውስጥ ለመዝለቅ አንድ ያልተመለሰለት ጥያቄ እንዳለበት ሰው።

በእርሻው ጋራዥ የነበረው አንድ ወዳጅ የደብረ ኤልያሱ ሹፌር አበረ ነው። አበረ በጠባይ የአካለ ወልድ ተቃራኒ ነበረ፤ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ለተበላሸ ቱቦ የሸሚዙን ጫፍ ቀድዶ ያስራል። እርሻው ፈርሶ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ፣ አበረ የስንብት ገንዘቡን ይዞ አንድ ቀይ ትራክተር ገዛ። የመረጠለት አካለ ወልድ ነው። አበረም በዚያ ትራክተር የራሱንም የጎረቤቱንም መሬት ስምንት ዓመት አረሰ። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መጠጣት፣ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ፤ በመጨረሻም በግቢው ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ አበረ ራሱ በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ዋለ።

አካለ ወልድ ሊጠይቀው በሄደበት የመጨረሻ ቀን፣ አበረ ስለ ሕመሙ ምንም አልተናገረም።

«ቀዩን ታነሣልኛለህ?» አለው።

«አነሣዋለሁ» አለ አካለ ወልድ።

ይህ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ነው። አበረ በሰኔ ሚካኤል ዕለት ዐረፈ። አካለ ወልድም ቃሉን ሳይፈጽም ሰባተኛው ዓመት ተቃረበ። ለሚጠይቀው ሁሉ መለዋወጫ አልተገኘም ይል ነበር፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በአዲስ አበባ አጥብቆ ቢፈልግ እንደሚገኝ ያውቅ ነበር። ያላስቻለው በትራክተሩ ላይ፣ በአበረ ወንበር፣ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት ነው።

በሁለት ሺህ አንድ የሁዳዴ ጾም መጨረሻ የአበረ ሚስት ወለተ ኪዳን መልእክት ላከችበት። ብረት የሚገዙ ሰዎች መጥተው ትራክተሩን ቆራርጠው ሊወስዱት እንደጠየቋት፣ እስከ ክረምቱ መግቢያ ካልተነሣ ግን እንደምትሸጠው ነገረችው። አካለ ወልድ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ደብረ ኤልያስ ወረደ።

ወለተ ኪዳን ልጅ የላትም። ከባልዋ የቀራት ይህ ትራክተር፣ መሬቱና አንድ ጥማድ በሬ ነበረ። መሬቷን ምናለ የሚባል ጎረቤቷ በእሷው በሬዎች እያረሰ ምርቱን እኩል ይካፈላት ነበር። አካለ ወልድ ትራክተሩን ዞሮ ሲያየው ምናለ ከአጥሩ ላይ ተደግፎ ይመለከት ነበር። ጎማዎቹ ሟሽሸዋል፤ ከወንበሩ ሥር ዶሮ ታቅፋለች።

«አያ አካለ፣ ምነው ቢታገሡ» አለ ምናለ፤ «ለመፈልፈል የቀራት ስድስት ቀን ነው። ከእርስዎ ሞተር ቀድማ ትነሣለች።»

አካለ ወልድ ፈገግ አለ፤ ዶሮይቱንም ከነጎጆዋ አንሥቶ ወደ ጥላ አዛወራት። ከዚያ ለወለተ ኪዳን ሦስት ቀን እንድትሰጠው ነገራት። በሦስት ቀን ክዳኑን አንሥቶ፣ ከሥር ገብቶ፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር በጣቱ ዳሰሰ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እሷው መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«አያ አካለ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይነሣል ወይስ አይነሣም?»

«ይነሣል። ዕቃው ግን ብዙ ነው፤ ርካሽም አይደለም።»

«በሬዎቹን ልሽጣቸው?»

አካለ ወልድ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት፣ የጠረገውን ደግሞ እየጠረገ። በሬ የሌላት ሴት ትራክተሩ ካልተነሣ ምን እንደሚገጥማት ከእሷ እኩል ያውቅ ነበር። የእጁን ሥራም ያውቅ ነበር።

«ሽጪያቸው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትራክተሩ ጋር የኖረው ሰባት ሳምንት ያህል ነው። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታው። እያንዳንዱን ዕቃ በናፍጣ አጥቦ፣ በንጹሕ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ በተፈታበት ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ በአሮጌ ነጠላ ይሸፍነው ነበር። ያየው ሁሉ የቅዳሴ ዕቃ የሚያሰናዳ ዲያቆን ይመስላል ይል ነበር፤ ይህን የሚሉትም በልጅነቱ የድጓ ተማሪ እንደነበረ ሳያውቁ ነው። ዋናውን ዘንግ ለማስቀረጽ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ይዞ ሄደ፤ ልኩ የፀጉር ያህል ተዛንፎ ቢያገኘው መልሶ አስቀረጸው። ፒስቶኖቹን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አመጣ። ከናፍጣው ፖምፓ ሥር አበረ ከጫማ ቆዳ ቆርጦ ያስገባት አንዲት ቀለበት አገኘ፤ ለዓመታት ናፍጣ ሳታፈስ የኖረች። በመዳብ ለወጣት። ቆዳይቱን ግን አልጣላትም፤ በሸሚዙ ኪስ አኖራት።

ሰኔ ዐሥር ቀን ከረፋዱ ላይ ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ቀጥሎ ጥቁር፤ ቀጥሎ ጭሱ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀረ፤ አራቱ ሲሊንደሮች እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም። ወለተ ኪዳን ከደጃፏ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ምናለ ከተደገፈበት አጥር ቀና አለ። አካለ ወልድ ጆሮውን አዘንብሎ ሩብ ሰዓት ያህል ካዳመጠ በኋላ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ፒኑን ነቀለና በኪሱ ከተተ።

«በሰኔ ሃያ ጠዋት ይመለሳል» አላት። «በሐምሌ ጤፍሽን ትዘሪበታለሽ።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ሩፋኤል መጡ። እኚህ ቄስ በዲማ ከአካለ ወልድ ጋር በአንድ ጎጆ ያደሩ፣ በአንድ አኩፋዳ የለመኑ ናቸው። እሳቸው አካለ ወልድን እንደ ልጅነታቸው «አንተ» ይሉታል፤ እሱ ግን ክህነታቸውን አክብሮ «እርስዎ» ከማለት ተላቅቆ አያውቅም።

ነገሩን ተቀምጠው አስረዱ። ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚሆኑ አራት የጽድ ግንዶች ከሩቅ አገር በስጦታ መጥተዋል። የጫናቸው መኪና ዳገቱን መውጣት አቅቶት ከወንዙ ዳር አራግፏቸዋል። ወንዙ ሰሞኑን ሞልቶ ሊመጣ ነው። በሬ በዚያ ዳገት እንዲህ ያለ ግንድ አይስብም። ነገ ሚካኤል ነው፤ ደብሩ በሙሉ ይሰበሰባል።

«አካለ» አሉ አባ፣ «ፒኑን ስጠኝ ልልህ አልመጣሁም። ሕግህን አውቃለሁ። እንድታውቀው ብቻ ነው የነገርኩህ።»

አካለ ወልድ ሞተሩ ገና ሁለት ቀኑ እንደሆነ፣ ብሎኖቹ እንዳልተደገሙ፣ ብረቱ ከብረቱ እንዳልተላመደ በዝርዝር አስረዳ። አባም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት፤ አንድም ቃል አልተከራከሩም። የተናገረችው ወለተ ኪዳን ናት።

«አያ አካለ፣ ነገ አበረ ሰባት ዓመቱ ነው። የምደግስለት የለኝም፤ በሬዎቹ ሄደዋል። ይህ ትራክተር ይደግስለት።»

አካለ ወልድ ቀና ብሎ አላያትም። በዚያች ሰዓት በልቡ ውስጥ የነበሩት ብዙዎች ናቸው፤ በአልጋ ላይ ሆኖ የጠየቀው አበረ፣ ምግብ አቅርበው ዝም የሚሉት መሪጌታ፣ ከቅጽሩ በር ሳያልፍ የቆመባቸው አርባ ዓመታት። ለቤተ ክርስቲያን ከእጁ ሥራ አንዳች ሰጥቶ አያውቅም፤ የጠየቀውም አልነበረም። አሁን ተጠየቀ።

«አራት ግንድ ብቻ?» አለ።

«አራት ብቻ» አሉ አባ።

እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ማለዳ ተነሥቶ የብሎን ጥብቀት የሚለካበትን መፍቻ ከሣጥኑ አወጣ። ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ብሎኖቹ የሚደገሙበት ጊዜ ነው፤ ሥራውም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከክዳኑ ላይ ጎንበስ እንዳለ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። አካለ ወልድ ቀና አለ። በሚካኤል ዕለት ለደብሩ እንጨት መጎተት ጽድቅ ነው፤ በዚያው ዕለት ግን መፍቻ ይዞ የገዛ ሥራን ማጥበቅ በዓል መሻር ነው። በእርሻው ዘመን ባለሥልጣኖቹ በበዓል ቀን በግድ ያሠሩት ነበርና፣ ከዚያ ከወጣ ወዲህ በበዓል ቀን መሣሪያ ላለመንካት ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። አባን ቢጠይቃቸው ኖሮ ይፈቅዱለት ነበር፤ መጠየቅ ግን አልታሰበውም። መፍቻውን አጽድቶ ወደ ሣጥኑ መለሰው። «ነገ አጠብቃቸዋለሁ» አለ በልቡ።

ከቅዳሴ በኋላ ትራክተሩን ራሱ ነዳው፤ በአበረ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ሕዝቡ በዳገቱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ እልል ይል ነበር። የመጀመሪያው ግንድ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ሲወጣ ወለተ ኪዳን ነጠላዋን አደግድጋ ከጎማው ጎን ትራመድ ነበር፤ ከሰባት ዓመት ወዲህ እንዲህ ቀና ብላ ስትሄድ ያየ አልነበረም። በየጉዞው መካከል አካለ ወልድ ሞተሩን አሳረፈው፤ ውኃውን አየ፤ ትንሽ ጎድሎ አገኘው፤ ሞላው። ውኃ በሁለት ቀን ሥራ ሊጎድል እንደማይገባው ያውቃል። ቀሪው አንድ ግንድ ነው ብሎ አሰበ።

አራተኛው ከሁሉ የወፈረው ነበረ። የዳገቱን ግማሽ እንዳለፈ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ሌላ ሰው ሊሰማው የሚችል ለውጥ አይደለም፤ ከአራቱ ድምፆች አንዱ የታፈነ፣ የደረቀ ሆነ። የቴስታታው ብሎኖች ላልተው ውኃው እያመለጠ፣ ከሥር ያለው አዲስ ብረት እየጋለና እየተነፋ እንደሆነ አካለ ወልድ በዚያው ቅጽበት ተረዳ። ማቆም ይችል ነበር። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነበረ። ከፊቱ ግን ከዳገቱ አናት አንዲት ሾላ ትታያለች፤ ከሾላዋ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ከሾላዋ ሥር አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። «እስከ ሾላዋ ድረስ ብቻ» አለ በልቡ።

ሾላዋ ጋ አልደረሰም። አንድ ፒስቶን በሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ቀረ፤ ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው የብረት ክንድ ተሰበረ፤ የተሰበረውም ክንድ የሞተሩን ጎን ከውስጥ በስቶ ወጣ። ጥቁር ዘይት በመንገዱ ላይ ፈሰሰ። ትራክተሩ በፍሬኑ ቆመ፤ ማንም አልተጎዳም። እልልታው ተቋረጠ።

አካለ ወልድ ከወንበሩ አልተነሣም። ወለተ ኪዳን መጥታ እጇን ከጎማው ሽፋን ላይ አሳረፈች።

«አያ አካለ፣ ይውረዱ» አለች ቀስ ብላ። «ይቃጠላሉ።»

አባም ደረሱ። የፈሰሰውን ዘይትና የተበሳውን ብረት አዩ። «አምላክ ተቀብሎታል፤ አትዘን» አሉት። ከሕዝቡ መካከል አንድም የወቀሰው አልነበረም። ምናለ ጋቢውን አውልቆ የግንዱን መጎተቻ ገመድ በትከሻው ላይ በመጀመሪያ የጣለ ሰው ሆነ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አራተኛውን ግንድ ከሰንሰለቱ ፈትተው፣ እየዘመሩ፣ በትራክተሩ ግራና ቀኝ ተከፍለው አለፉ። አካለ ወልድ እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ ሲያልፉ አየ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። የሁለት ቀን ሞተር መሆኑን የሚያውቅ፣ ብሎኖቹ አለመደገማቸውን የሚያውቅ፣ ድምፁን የሰማ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እሱ ብቻ ነበረ።

በማግሥቱ መዶሻ ይዞ ወደ ዳገቱ ተመለሰ። ፒኑ ከጭነቱ የተነሣ ጎብጦ በቀዳዳው ውስጥ ተቀርቅሯል። እስኪወጣለት ድረስ ብዙ መታው። ወለተ ኪዳን አጠገቡ ቆማ ነበረች።

«ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?» አለችው።

አካለ ወልድ የጎበጠውን ብረት በጨርቅ ጠረገ፤ በቀኝ ኪሱም ከተተው።

«ገና አሥር ቀኑ አልሞላም» አላት።

ትራክተሩን በመስከረም ብረት ገዢዎቹ ቆርጠው ወሰዱት። ወለተ ኪዳን በሬም ትራክተርም ስላልነበራት መሬቷን ለምናለ በሲሶ ሰጠች፤ ከእኩሌታ ወደ ሲሶ የወረደ ጎተራ በየዓመቱ ከየካቲት በኋላ ባዶ ይሆናል። አካለ ወልድ ከሚኖርበት ከደብረ ማርቆስ በየጊዜው እህል ይልክላት ነበር። ሁለት ጊዜ መለሰችለት፤ በሦስተኛው ተቀበለች። እሱም ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሞተር አልፈታም። የውኃ መሳቢያና የወፍጮ ጥገና ይቀበላል፤ ከባድ ሥራ ይዞ የሚመጣውን ወደ ሌሎች ይመራል። ምክንያቱን ለሚጠይቁት ዓይኑ እንደደከመ ይነግራቸዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ የተጠናቀቀው በሁለተኛው ዓመት ነው። በቅዳሴ ቤቱ ዕለት አካለ ወልድ ሄደ፤ እንደ ልማዱም ከቅጽሩ በር ቆመ። ሕዝቡ ሲበተን ወለተ ኪዳን መጣችና በነጠላው ጫፍ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው። አራቱ ጽዶች በምዕራቡ በር ፊት ያለውን ጣሪያ ተሸክመው ቆመዋል፤ ተላግተዋል፣ ዘይት ጠጥተዋል። ወለተ ኪዳን ሦስቱ የአበረ ናቸው አለችው፤ በአበረ ትራክተር የወጡ።

«አራተኛው የቱ ነው?» አለ።

አላወቀችም። አባ ወልደ ሩፋኤልም ተጠይቀው አላወቁም፤ ሁሉም አንድ ሆነዋል፣ ምን ይለያቸዋል አሉ። አካለ ወልድ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ እያንዳንዱን ምሰሶ ከግርጌው ጀምሮ በጣቱ ዳሰሰ። በሰሜን በኩል ባለው የመጨረሻ ምሰሶ ላይ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ የአናጢው መላጊያ ያላጠፋው የሰንሰለት ንክሻ አገኘ። በሌሎቹ ላይ ከነበረው የጠለቀ ነበረ፤ ትራክተሩ ዳገቱ ላይ በድንገት ሲቆም የግንዱ ክብደት ሰንሰለቱን የሳበበት ስፍራ ነውና።

ወለተ ኪዳን ከሴቶቹ ጋር እስክትሄድ ድረስ ጠበቀ። ከዚያም ግራ እጁን በንክሻው ላይ አሳርፎ፣ ቀኝ እጁም በኪሱ ውስጥ የጎበጠውን ፒን እንደጨበጠ፣ ግቢው ባዶ እስኪሆን እዚያው ቆመ።